ያልመረቅሁት ስብሰባ

ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ምርቃት ከለከልሁ። በዚህች ከተማ ሽማግሌ ሆኖ ምርቃት የከለከለ ሰው ከዚህ በፊት መኖሩን አልሰማሁምና የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከኋላ ካልተቆጠረ በቀር አንደኛ ወጥቼ ስለማላውቅ፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል። ሰፈርተኛው ግን አልኮራብኝም። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለሱቋ ዓይኗን ከእኔ ላይ አንሥታ ወደ ሚዛኑ ትመልሳለች። የባጃጅ ልጆችም «ሰላም አባባ» ማለቱን ትተው ጥሩምባ ብቻ ይነፉብኛል።

ከተማዬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ ከምታልፏቸው አንዷ ናት። ስሟን አልጠራም። ከዚህ በታች የማነሣው ሹም የልጅ ልጆች አሁንም ከተማዋ ውስጥ አሉ፤ ከቀሩልኝ ጥቂት ሰላምተኞች መካከልም ናቸው።

የጠቡ መነሻ እንዲህ ነው። የከተማዋ የረጅም ጊዜ የትራንስፖርት ዕቅድ ለውይይት ስለቀረበ «ባለድርሻ አካላት» ሁሉ እንድንገኝ በባጃጅ ላይ በታሰረ ድምፅ ማጉያ ተጠራን። አካል መሆኔን ጉልበቴ በየማለዳው ያስታውሰኛል፤ ድርሻዬ ምን እንደሆነ ግን ላረጋግጥ ብዬ ሄድሁ። የፕላስቲክ ወንበርና የታሸገ ውሃ ሰጡን። ናሆም የሚባል ጨዋ ወጣት ኢንጂነር ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራ፤ ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድ፣ ከወንዙ ዳር ደግሞ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት መናፈሻ። ሥዕሉ ውስጥ የሚሄዱት ሰዎች ቀጫጭኖች ናቸው፤ አንዷ ውሻ ትጎትታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዳችንን ከሚሞላው አህያ አንድም እንኳ አልተጋበዘም።

እጄን አወጣሁ። «ልጄ፣ ድልድዩስ?»

«የቱ ድልድይ አባባ?»

«የሌለው።»

ሰው ሳቀ። ናሆምም ፈገግ አለና «አስተያየትዎ ተይዟል» አለኝ። ሌላው ተናገረ፤ የእሱም ተያዘ። የሁላችንም ተያዘ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ብድግ ብሎ «እንግዲህ እንደ ባህላችን አባታችን ይመርቁንና እንዝጋ» ሲል ወደ እኔ ዞረ። አዳራሹ ሙሉ ተነሥቶ መዳፉን ዘረጋ።

«አልመርቅም» አልሁ።

ያ ሁሉ መዳፍ እንደተዘረጋ ቀረ። ለምን እንዳልሁት ያን ዕለት ማስረዳት አልቻልሁም፤ ንዴት ምላሴን አስሮት ነበር። ምላሴ ታስሮ የሚያውቀው በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ላጫውታችሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ንጉሡ ገና ከዙፋናቸው አልወረዱም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ቀለም የሌለው እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ፣ ከተማዋን ላይ ታች የምል ሥራ ፈት ነበርሁ። የተማረ ሰው ብርቅ ስለነበር ሥራ ፈትነቴን ሰው ሁሉ እንደ ሹመት ያከብርልኝ ነበር፤ እኔም አላሳፈርኋቸውም፣ በትጋት ነው ሥራ የፈታሁት። እናትና አባታችን ቀደም ብለው ስለሞቱ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ይታይሽ ናት። እታለም ነው የምላት። ከወንዝ ማዶ አያሌው ለሚባል ገበሬ ተድራ ነበርና እኔም ሲርበኝ ማዶ፣ ስጠግብ ከተማ እኖር ነበር።

ወንዟ ከገበያው ሥር ነው የምታልፈው። በበጋ ሴቶች ቀሚሳቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሯታል። ክረምት ሲገባ ግን ከላይ ከአገው ምድር የዘነበውን ሁሉ ይዛ ትመጣለች፤ ቀይ ሆና፣ ግንድ እያንከባለለች። በአስፋልቱ ድልድይ ዞሮ ለመምጣት ሁለት ገደል መውረድና መውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማዶዎቹ በርበሬያቸውን፣ ዳጉሳቸውንና ድንቻቸውን ተሸክመው ይመጡና ከወንዙ ዳር ቁጢጥ ብለው «እስኪጎድል» ይጠብቃሉ። አንዳንድ ቅዳሜ አይጎድልም። ያን ጊዜ በርበሬው ረጥቦ፣ ሰውም ረጥቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማዶዎቹ የሚለምኑት ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ሰውና አህያ የሚያሳልፍ ጠባብ ድልድይ ብቻ።

ግንቦት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ የከተማዋን የወደፊት የመንገድ ፕላን ለሕዝብ ሊያሳይ ነው ተባለ። ማዶዎቹ ተሰብስበው ተናጋሪ መረጡ። መራጮቹን ይቅር ይበላቸውና የመረጡት እኔን ነው። አያሌው የሠርጉን ኮት አዋሰኝ። አያሌው ግዙፍ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ያኔ የሸንበቆ ታናሽ ወንድም ነበርሁ። እጄን ሳነሣ የሚታየው እጅጌው ብቻ ነው።

እታለም ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጀመሪያዋ። ለነሐሴ ነበር የምትደርሰው። ያን ቀን ጠዋት ኮቱን ከትከሻዬ ላይ እያስተካከለች፣

«አንተ ቀበጥ፣ በዚህች ምላስህ በስንቱ ስታሾፍ ኖርህ። ዛሬ እንኳ ለቁም ነገር አውላት» አለችኝ።

«ተለማምጃለሁ እታለም። ትናንት ንግግሬን ለአያሌው በሬዎች አሰማኋቸው።»

«ምን አሉህ?»

«አንዱ አመሰኳ፤ አንዱ ተኛ።»

«ሹሞቹም ከዚያ የተለየ አያደርጉም። አንተ ብቻ ዝም እንዳትል» አለችና እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «በነሐሴ ክንፍ አላበቅልም።»

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በእርጥብ ጋቢና በቅቤ ሽታ ታፍኖ ነበር። ሹሙ ግራዝማች ነበሩ፤ ከመድረክ ላይ ተቀምጠው ጢማቸውን ይደባብሳሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ሰቀለ። የዛሬ ሃያ ዓመት ከተማችሁ ይህን ትመስላለች አለን። ሰፊ ጎዳና፣ የመኪና ማቆሚያ፣ መሐል ላይ ፏፏቴ ያለበት አደባባይ። ያን ጊዜ በከተማዋ የሚያልፈው በቀን አንድ አውቶቡስ፣ አልፎ አልፎ የእህል ጭነት መኪና፣ ከዚያ ውጪ የግራዝማች ላንድሮቨር ነው። ፕላኑ በአብዛኛው ለላንድሮቨሯ የተነደፈ ይመስል ነበር።

ክርክሩ ደመቀ። ባለሆቴሉ መናኸሪያው ከደጄ አይነሣም ብሎ ጮኸ። የእህል ነጋዴው ጭነት መኪና የሚቆመው በእኔ መጋዘን በኩል ካልሆነ አለ። እርስ በርስ ሊነካከሱ ሲደርሱ አያሌው ከኋላ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ያ ሰማያዊ መስመር ምንድን ነው?»

«ወንዙ ነው» አለ መሐንዲሱ።

«እኛስ የታለን?»

መሐንዲሱ ካርታውን አየ። ከወንዙ ማዶ ወረቀቱ ነጭ ነበር። «እናንተ ከፕላኑ ክልል ውጭ ናችሁ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜማ ገበያችሁ ውስጥ ነን» አለ አያሌው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ግራዝማች አልሳቁም።

ጊዜው አሁን ነው ብዬ እጄን፣ ማለት እጅጌዬን፣ አነሣሁ።

«ያ ኮት ደግሞ ምን ሊል ነው?» አሉ ግራዝማች። ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ፣ ቀልዱ ጥሩ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን አለዝበው፣ «ትናገራለህ ልጄ፣ ሁላችሁም ትናገራላችሁ። ግን ነገሩ እየከረረ ነው። ቄስ አዳሙ ይመርቁንና ልባችን ተረጋግቶ እንቀጥል» አሉ።

ቄስ አዳሙ የማዶው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። ወንዟን ከሁላችን በላይ የሚረግሟት እሳቸው ናቸው፤ በክረምት ለቅዳሴ ጧፍ እንኳ መግዛት እያቃታቸው። ምርቃት ተጠይቀው ግን እንዴት እምቢ ይላሉ? ተነሡ። ሁላችንም ተነሥተን መዳፋችንን ዘረጋን።

«እግዚአብሔር የመከራችሁትን ለመልካም ያድርግላችሁ።»

«አሜን!»

«ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ።»

«አሜን!»

«አገራችሁን ሰላም ያድርግላችሁ፣ ልጆቻችሁን ለፍሬ ያብቃላችሁ።»

«አሜን!» እታለምን እያሰብሁ ይህንን ሦስተኛውን እኔ ከሁሉም አስበልጬ ጮኽሁት። በአገራችን ሽማግሌ ወይም ካህን ሲመርቅ አሜን አለማለት በራስ ላይ እርግማን መጥራት ነው። የማይወዱትን ሰው ምርቃት እንኳ አሜን ይላሉ።

ግራዝማች እጃቸውን አጨበጨቡ። «ይኸው! ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አሜን ብሎ ፕላኑን ተቀብሏል። ስብሰባው እዚህ ላይ አብቅቷል።»

መጀመሪያ የቀለዱ መስሎኝ ነበር። መሐንዲሱ ካርታውን ሲጠቀልል ግን ገባኝ። በሬዎቹ ያዳመጡትን ያን ሁሉ ንግግር ልጀምር አፌን ከፈትሁ። ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ስትለፈልፍ የኖረች ምላስ በምትፈለግበት ሰዓት እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኛች። እታለም ከሴቶቹ መካከል ሆና አየችኝ። አልተቆጣችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

በማግስቱ ቄስ አዳሙ እኔን አስከትለው ግራዝማች ቤት ሄዱ። ግራዝማች በቅቤ የራሰ ፍርፍር እየበሉ ነበር።

«ግራዝማች» አሉ ቄስ አዳሙ፣ «እኔ የመረቅሁት ሰዎቹን ነው። ወረቀቱን አልመረቅሁም።»

«አባ፣ ሕዝቡ አሜን አለ፣ አላለም?»

«አለ፤ ለእግዚአብሔር።»

«እንግዲያስ ድልድዩንም እግዚአብሔር ይሥራላችሁ» አሉና ጣታቸውን ላሱ።

ቄስ አዳሙ ወጥተው እየተጣደፉ ወደ ወንዙ ወረዱ። ውሃው ገና ከቁርጭምጭሚት በታች ነበር። መሐል ላይ ቆሙና መቋሚያቸውን ድንጋይ ላይ መቱ። «እጁን አፌ ውስጥ ከትቶ ነው የሰረቀኝ!» አሉ። ካህን እንደዚያ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም። እሳቸው ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ የማዘጋጃ ቤቱን ደጃፍ አልረገጡም።

ማዶዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሰኔ እንደገባ በደቦ ባሕር ዛፍ ቆርጠው፣ በጠፍር አስረው፣ ከዳር እስከ ዳር አጋደሙ። እኔም ረዳሁ፤ ማለት ጠላ አቀብል ነበር። አምሮ ነበር። አህያ እንኳ አንድ ጊዜ አለፈችበት። ሐምሌ ላይ የመጣው የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ ጠራርጎ ወሰደው፤ ከዳሩ የቀረው የተበጠሰ ጠፍር ብቻ ነው።

እታለምን ምጥ የያዛት በፍልሰታ ጾም ነው። አያሌውና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ወንዙ አወረዷት፤ በዚያ ገደል ዞረው ሊያመጧት አይችሉም። መልእክቱ በጩኸት ደርሶኝ ከከተማው ክሊኒክ ድሬሰሩን እየጎተትሁ መጣሁ። ደግ ሰው ነበር፤ ቦርሳውን ይዞ በዚያ ጭቃ ሮጠ። ስንደርስ ወንዟ ከዳር እስከ ዳር ሞልታለች። አያሌው ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጎትተው አወጡት።

ወንዟ ሰፊ አይደለችም። ድንጋይ ብትወረውሩ ይሻገራል። ፊቷ ይታየኝ ነበር። ድሬሰሩ ከዚህ ዳር ሆኖ ማድረግ ያለባቸውን ለማዶ ሴቶች ይነግራል፤ ድምፁ ግን ቀጭን ነበርና ውሃው ይውጠዋል። ስለዚህ እሱ በጆሮዬ ይነግረኛል፣ እኔ እጮኻለሁ። «አዙሯት ነው የሚለው!» «እንዳትጎትቱ!» «ታገሡ፣ ታገሡ!» ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ጮኽሁ። ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው አፈኛ፣ ያን ቀን አንድ ቀልድ አላወራም።

ልጅቱ ተወለደች። አላለቀሰችም። ድሬሰሩ እግሯን ይዘው እንዲገለብጧት፣ ጀርባዋን መታ መታ እንዲያደርጓት፣ አፏን እንዲጠርጉ ነገረኝ፤ ሁሉንም ጮኽሁት። ከዚያ ድሬሰሩ ዝም አለ። እኔም የምጮኸው አጣሁ። ከማዶ አያሌው «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል።

ክርስትና ስላልተነሣች ከወንዙ ዳር፣ ከአንዲት ዋንዛ ሥር ቀበሯት። ቄስ አዳሙ አጠገባቸው ቆመው ነበር። እኔ ቀብሯን ከዚህ ዳር ሆኜ ነው ያየሁት።

በማግስቱ ወንዟ ጎደለች። ሕፃን ይሻገራት ነበር።

መስከረም ጠብቶ ዳገቱ ሁሉ በአደይ ቢጫ ሲሆን አደባባዩ ተሠራ። ግራዝማች ሪባን ቆረጡ። ፏፏቴው ግን በዚያ ሁሉ ውሃ አገር ውሃ አጣ፤ አንድም ቀን ሳይፈስ ተሰነጠቀ። ዘመን ተለወጠ፣ ግራዝማችም አለፉ፣ ከእሳቸው በኋላ የመጡትም የየራሳቸውን ካርታ እየሰቀሉ አለፉ። አንዱ መስመሩን በቀይ ያሰምራል፣ ሌላው በአረንጓዴ። ወረቀቱ ግን ሁልጊዜ ወንዙ ላይ ሲደርስ ያልቃል። እታለም ከዚያ በኋላ ሦስት ወለደች፤ ሁሉንም በበጋ። እንዴት አድርጋ እንዳቀናጀችው ጠይቄያት አላውቅም።

አሁን ደግሞ ናሆም። ከስብሰባው በኋላ ሰብሳቢዎቹ ሊያስታርቁኝ እሱን ቤቴ ላኩት። ለዚህ ቀን የሚሆን ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጥሩ ጥሩ ስድብ። ልጁ ግን ጭቃ እንዳያስገባ ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲ ገባብኝ። በካልሲ የቆመ ሰው እንዴት ይሰደባል? ቅቅል ድንች በቡሬ በርበሬ አዋዜ አቀረብሁለት። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር በላ።

«አባባ፣ በምን አስቀየምንዎ?»

«ያን ወንዝ አይተኸዋል?»

«በሳተላይት ምስል፣ አዎ።»

«ከላይ ነው ያየኸው። ቅዳሜ ና፣ ከጎኑ አሳይሃለሁ።»

መጣ፤ ይህን አልክድበትም። ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና ውሃው ቀይ ነው። ማዶ ሰው ላስቲክ ለብሶ፣ ሸክሙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተደርድሯል። አህዮቹም ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ቆመዋል። ከሁሉም ዳር፣ ጥቁር ጃንጥላ ሥር፣ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። ስልኬ ጠራ። እሷ ናት።

«አንተ፣ ማንን ይዘህ መጣህ?»

ልጁም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። «ኢንጂነሩን ነው እታለም።»

«ድልድይ ይዞ ነው የመጣ?»

«የለም፣ ባዶ እጁን ነው።»

«እንግዲያስ ምን ሊሠራ መጣ?» አለችና ዘጋችው።

ናሆም አንገቱን ደፋ። «ስንት ሰዓት ይጠብቃሉ?» አለኝ።

«እስኪጎድል።»

ሰው ሲያረጅ ንዴቱ ይበርዳል ሲባል እሰማለሁ። ጉልበቴ በርዷል፣ ጆሮዬ በርዷል፣ ጥርሴማ ጥሎኝ ከሄደ ቆይቷል፤ ንዴቴ ግን እንዳለ ነው። እንዲያውም ልወደው ጀምሬአለሁ። ከእኔ ጋር ካረጁት ነገሮች ሁሉ ያላሳፈረኝ እሱ ብቻ ነው። የሚመርቀኝን ሰው ሁሉ አሜን እላለሁ፤ የልጅ ልጆቼን በየማለዳው እመርቃለሁ፤ እንደ ቄስ አዳሙ ግን አፌን ለማንም ካርታ አላከራይም።

የናሆም ስልክ ጮኸ። አየት አድርጎ ወደ መንገዱ ዞረ። «አባባ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፍኖተ ሰላም ስብሰባ አለብኝ።»

«እሷም ገበያ አላት» አልሁት።

ቆመ። ማዶን አየ። ከዚያ ንጹሕ ሱሪውን ሳይሳሳለት አጠገቤ ካለው እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።